ከባዱን ከላይ ጻፍ

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «አንብበው!» ሲል፣ በክፍሉ ውስጥ ልቧ ቅቤ የጠጣ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ፕሮግራመሯ። ፊቷ እንዳያሳብቅባት ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ግቢው ውስጥ የተቆለሉትን የአሮጌ ሊፍት በሮች የምትቆጥር መሰለች።

አንብብ የተባለው ሽቦ ነው። ሽቦ የድርጅቱ አንጋፋ የሊፍት መካኒክ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት የወርክሾፑ ሰዎች ናቸው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ። ጠባዩን ካዩ በኋላ ግን «ተሳስተናል፣ ሽቦ እንኳ ይታጠፋል» ብለው ተጸጽተዋል ይባላል።

ሽቦ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ሰው ሁሉ እስኪቁነጠነጥ ድረስ ወረቀቱን አራቀ፣ አቀረበ። ከዚያ አነበበ።

«አሥራ አራት ቁጥር ሊፍት። ረቡዕ፣ አራት ሰዓት። ጉድለት፦ የበሩ መብራት ተቃጥሎ ነበር፤ ተቀይሯል።»

«ቀጥል።»

«አበቃ።»

«አበቃ!» ሥራ አስኪያጁ እጁን በእጁ መታ። በዕድሜ የሽቦ ልጅ መሆን ይችላል፤ ግን «አንተ» ነው የሚለው። «ረቡዕ መብራት ቀየርክ። ቅዳሜ ያው ሊፍት ከአምስተኛ ፎቅ ተንሸራቶ ሲወርድ የአደጋ ፍሬኑ ሦስተኛና ሁለተኛ መካከል አንቆ ያዘው። ውስጥ የነበረችው ልብስ ሰፊ ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተኝታለች። ገመዱን ሲያዩት የብረቱ ክር እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበትኗል። ይሄ በሦስት ቀን የመጣ ነው?»

«አይደለም። ረቡዕም ነበረ። ጽፌዋለሁ።»

«የት?»

«የምንሞላው ታብሌት ላይ ነዋ! መጀመሪያ ገመዱን፣ ከሥሩ መብራቱን። ገመዱ ተበትኗል፣ ሊፍቱ ይቁም ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ታዲያ ገመዱን ማን በላው? አይጥ?»

ሽቦ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ፕሮግራመሯ ጀርባ ተመለከተ። «እኔ የምውለው ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የቢሮውን አይጥ ቢሮ የሚውሉት ያውቁታል።»

ፕሮግራመሯ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ «ሲስተሙ የተጻፈለትን ነው የሚያሳየው» አለች። «ያልጻፉትን ከየት ያምጣልዎት?»

«ሰማህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰማሁ። ከማን እንደሰማሁም አውቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነሳ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሳኔ እንደሚሰጥ፣ ሽቦም የሥራ ፈቃድ ካርዱን ይዞ እንዲመጣ ተናገረ። ካርዱ ምን እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ያለዚያች የፕላስቲክ ካርድ የትኛውም ድርጅት ሊፍት አያስነካም፤ ካርዷን በአደጋ ምክንያት የተቀማ መካኒክ ደግሞ መልሶ አያገኛትም። ሽቦ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሊፍት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

«አንቺ ደግሞ» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፕሮግራመሯ፣ «የአሥራ አራት ቁጥርን መዝገብ አትመሽ አምጪልኝ። ክርክር የማያስነሳ ይሁን።»

«ችግር የለውም» አለች፤ ከአንጀቷ።

ሽቦ የእንጀራ አባቷ ነው።

እናቷን ያገባው አባቷ በሞተ በአራተኛው ዓመት ነው። ድርጅቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረው እሱ ይሁን እንጂ ያስቀጠራት እሱ አይደለም፤ ይህን ሁለቱም ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። «እርስዎ» ትለዋለች። የማያውቅ ሰው አክብሮት ይመስለዋል፤ የሚያውቃቸው ግን አጥር መሆኑን ያውቃል። እሱ በበኩሉ ሲበሳጭ ብቻ ነው በቀጥታ የሚያናግራት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ያናግራታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ጨርሰው ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሑድ እናቷ ቤት ስትሄድ፣ አባቷ በገዛ እጁ የሠራው የመጽሐፍ መደርደሪያ በመጋዝ ተቆርጦ የጫማ ማስቀመጫ ሆኗል። ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር። ምንም አልመሰላት።

«ለባልሽ ንገሪው» አለች ለእናቷ፣ እሱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ፤ «በአባቴ ቤት ውስጥ መጋዝ እንዳያነሳ።»

«ለልጅሽ ንገሪያት» አለ እሱም፤ «አባቷ የተወው መደርደሪያ ሳይሆን የምስጥ መንደር ነው። ግማሹን ያተረፍኩት እኔ ነኝ።»

«አባቴ ያስቀመጠውን እሱ ማን ሆኖ ነው የሚያተርፈው በያት... በይው!»

«ምስጡን እሷ ትመግበው በያት!»

«እኔ የስልክ ቀፎ ነኝ እንዴ?» ብላ እናትየዋ ብድግ አለች። «ሁለታችሁም ከራሴ ውረዱ!»

ምስጡ እውነት ነበር። ፕሮግራመሯ ያንን የቡናማ ዱቄት ክምር ግድግዳው ሥር በዓይኗ አይታዋለች። ይህ ግን ንዴቷን አላበረደውም፤ እንዲያውም ትክክል በመሆኑ ይበልጥ ጥርሷን ነከሰችበት። ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ እናቷ ደወለች።

«ካርዱን ሊቀሙት ነው አሉ።»

«እኔ አይደለሁም የምቀማው።»

«አንቺ ነሽ አላልኩም። ጽፌያለሁ ይላል። ያ ሰው ብዙ ጉድ አለበት፤ ደረቅ ነው፣ ነገር አይረሳም፣ ሲያኮርፍ ሳምንት ነው። ሲዋሽ ግን አላየሁትም። የጻፈውን አይተሽዋል አንቺ?»

«አየሁት፣ አልጻፈም እማ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።»

«ስክሪኑን አይደለም ያልኩሽ። እሱ የጻፈውን አይተሽዋል ወይ ነው የምልሽ።»

«እሱ ነው ስክሪኑ ላይ የሚመጣው።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች እናቷ። ስልኩን ስትዘጋው ድምፅዋ ውስጥ ልመና አልነበረም፤ ብስጭት እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካኒኮቹ በእጃቸው የሚይዟት ትንሽ ታብሌት አለች። በእሷ ላይ ያለውን ፕሮግራም የሠራው ከዓመታት በፊት ሥራውን ለቆ የሄደ ሰው ነው። መካኒኩ የሚሞላውን ሁሉ ታብሌቷ ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ አሰናድታ ወደ ቢሮ ትልካለች፦ የነገሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ለስሙ የተሰጠው ነገር። ሲደርስ ተራ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ተጠቀለለ ዕቃ። ካልተፈታ አይሠራበትም። የመፍታቱ ሥራ የእሷ ነው። በጃቫስክሪፕት በጻፈችው ፕሮግራም ውስጥ «ፓርስ» የምትባል አንዲት ትእዛዝ ጽሑፉን ትፈታዋለች፤ ቁጥሩ ቁጥር ይሆናል፣ ስሞቹ የያዙትን ይዘው በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ ፕሮግራሙ «ጉድለት» የሚለውን ስም ይጠራል። በውስጡ «ይቁም» የሚል ቃል ካለ መስመሩ ቀይ ይሆንና የዕለቱ የቢሮ ተረኛ ሊፍቱን ያስቆማል። ከሌለ አረንጓዴ ነው።

የአሥራ አራት ቁጥር መስመር አረንጓዴ ነበር።

ጥንቁቅ ሰው ናት። ያልተፈታውን ጽሑፍ፣ እንደመጣ፣ አንድ ማህደር ውስጥ ታስቀምጣለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። አሁን የከፈተችው ለእውነት ብላ ነው ቢባል ውሸት ይሆናል። የከፈተችው አፉን ልታስይዘው ነው። ስክሪኑን ቢክድ፣ ከገዛ ጣቱ የወጣውን ጽሑፍ እንዴት ይክዳል?

የረቡዕን ፈልጋ አገኘች።

{"ሊፍት": 14, "ጉድለት": "ገመዱ ተበትኗል። ሊፍቱ ይቁም።", "ጉድለት": "የበሩ መብራት ተቃጥሎ ነበር፤ ተቀይሯል።"}

አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

ያ የሄደው ሰው ፕሮግራም የሠራላት ታብሌት፣ መካኒኩ ሁለተኛ ጉድለት ሲጨምር፣ ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ውስጥ አታኖርም። «ጉድለት» የሚለውን ስም ደግማ ጽፋ ትለጥፈዋለች። ፓርስ ደግሞ አንድን ስም ሁለት ጊዜ ስታገኝ አትጮህም፤ ስህተት ነው ብላም አትመልስም። የመጀመሪያውን ትጥልና የመጨረሻውን ትይዛለች። ይህን ኮሌጅ ሳለች ተምራዋለች። ፈተና ላይ መጥቶላት ሁሉ መልሳዋለች። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ በእጇ ጽፋ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ «ጉድለት»፣ አንዱ «ሀ»፣ አንዱ «ለ»። ፓርስ «ለ»ን ብቻ መለሰችላት። ጸጥ ብላ።

ከዚህ በላይ ያናደዳት ሌላ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ አዲስ የገባ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው፦ ከባዱን ከላይ ጻፍ። ቢሮ ያሉ ሰዎች የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አንብበው ደብተሩን ስለሚዘጉ፣ ሰው የሚገድለው ነገር ከላይ፣ ተራው ነገር ከታች ይጻፋል። ሕጉን ያወጣው ሽቦ ነው፤ ደብተር በነበረበት ዘመን። ጥሩ ሕግ ነበር። አሁን ግን ከባዱ ከላይ በተጻፈ ቁጥር የእሷ ፕሮግራም ከላይ ያለውን ይጥላል። ፓርስ ሆን ብላ መርጣ የጣለች ያህል፣ ሁልጊዜ የሚጠፋው ሰው የሚገድለው ነው።

በሦስት ዓመቱ ጽሑፍ ውስጥ «ጉድለት» ከአንድ ጊዜ በላይ የተጻፈባቸውን እንዲፈልግላት አጭር ትእዛዝ ጻፈች። ሃያ ሦስት ወጡ። የስልክ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣች። የቢሮው ስልክ ያለው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መካኒክ ሲደውል አንስታ የምትመዘግበውም እሷ ናት። አንድ በአንድ አመሳከረች። ሃያ ሁለቱ በስልክም ተነግረዋል። በራሷ እጅ ጽሑፍ አሉ። ሁሉም በዚያው ቀን ቆመው ተጠግነዋል። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲስተሙን ደግፎ ያቆመው ስልኩ ነው።

ያልተደወለለት አንዱ ብቻ ነበር፤ የረቡዕ፣ የአሥራ አራት ቁጥር።

ለምን እንዳልደወለ ለማወቅ ደብተር አላስፈለጋትም።

ሥራ አስኪያጁ ያዘዛት የመዝገቡን ወረቀት አትማ እንድታመጣ ነው። ማተሚያው ክንዷ ሥር ነው። ያንን አንድ መስመር አትማ ብትወስድ አልዋሸችም፤ የታዘዘችውን አደረገች። ነገ ጠዋት ፕሮግራሙን በጸጥታ ታስተካክላለች። ማንም ማህደሩን አይከፍትም፤ እንዳለም የሚያውቅ የለም። ሽቦ ካርዱን ተቀምቶ ቤት ይውላል፤ የቀሩትንም መደርደሪያዎች ይገዝግዝ። ሐሳቡ በጣም ጣማት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አኘከችው፤ ሊዋጥላት ግን አልቻለም።

ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ወርክሾፑ ወረደች።

ሽቦ መዘውር ፈቶ ግራሶ እየቀባ ነበር። ካርዱ የደረት ኪሱ ውስጥ ከመነጽሩ ጋር ተሰክቷል።

«ተገኝቷል» አለችው።

«ምኑ?»

«የገመዱ መስመር። ጽፈውታል።»

ቀና አላለም። «መጻፌን እኔም አውቃለሁ። ማን እንደበላው ንገሪኝ።»

«የእኔ ፕሮግራም ነው።»

አሁን ቀና አለ። ግራሶ የነካውን ጣቱን በጨርቅ፣ አንድ በአንድ፣ ጠረገ። «ጠዋት ያልጻፉትን ከየት ያምጣ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አዎ። የማውቀውን ነው የተናገርኩት።»

«የምትመኚውን ነው የተናገርሽው! ብታውቂ ኖሮ ከመናገርሽ በፊት ታዪ ነበር።»

ሌላ ነገር አነሳች። «እርስዎስ ለምን አልደወሉም?»

«ደንቡ በሲስተም አሳውቁ ይላል።»

«ደንቡ ከወጣ ስድስት ወሩ ነው። ባለፈው ወር የሃያ ቁጥሩን ፍሬን ደውለው ነግረውኛል፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይቺን ረቡዕ ብቻ ነው ደንብ ትዝ ያለዎት?»

«ስልኩን ማን ያነሳዋል?» አለ ሽቦ፤ ድምፁ ከፍ አለ። «አንቺ አይደለሽም? ለአንቺ ደውዬ ልለማመጥ? አሎ ስል እንዳልሰማሽ ዘግተሽ፣ ‘ለባልሽ ንገሪው’ ልትዪኝ?»

«ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ እግሯ የተሰበረው እርስዎ እኔን ላለማናገር ነው!»

«በአንቺ ፕሮግራም ነው የተሰበረው!»

ጥግ ላይ ብየዳ የያዘው ሰው ብየዳውን አቆመ። መዶሻ የያዘውም መዶሻውን አየር ላይ ያዘ። ሁለቱ ግን ማንንም አላዩም።

«ወረቀቱን ስጪኝና ውጪ» አለ ሽቦ እጁን ዘርግቶ። «በአንቺ አፍ አልድንም።»

«ይዘውት ቢገቡ አይረባዎትም። ሥራ አስኪያጁ ‘ዛሬ ጠዋት ጽፈህ ያመጣኸው ነው’ ቢልዎት ምን ይመልሳሉ? አንድ ስም ሁለቴ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያስረዳሉ?»

ሽቦ እጁን አልመለሰውም።

«በዘጠኝ ሰዓት» ብላው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርዱ ጠረጴዛው መካከል ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ወገን፣ ሽቦ ማዶ። ፕሮግራመሯ ላፕቶፗን ይዛ ገብታ ያገኘችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ሆነ። ስትጨርስ ወደ ሽቦ ዞሮ፣ «አንድ ጊዜ ውጭ ጠብቀን» አለው።

ሽቦ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ።

«ይቀመጡ» አለች ፕሮግራመሯ።

ሥራ አስኪያጁ ገረመው። «አንቺ ከማን ወገን ነሽ? ባለፈው ሳምንት ከዚህ ሰውዬ ጋር ስብሰባ አልቀመጥም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«አሁንም አልፈልግም። ግን የሚወሰነው በእሱ ላይ ስለሆነ ይስማ።»

«እሺ፣ ይስማ።» ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አለሰለሰ። «ሲስተሙ ላይ ችግር አለ ብለን ወረቀት ላይ ካሰፈርን፣ የሁሉም ሕንፃ ባለቤት ነገ በሩ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሠርቷል። ነገ አስተካክይው፣ ማንም አያውቅም። እሱ ደግሞ አንድ ገመድ አይቶ ዝም ብሎ በመሄዱ መጠየቁ አይቀርለትም።»

«ዝም አላለም፤ ጽፏል።»

«ስክሪኑ ላይ የለም።»

«ስክሪኑ ላይ የሌለው እኔ ስለጣልኩት ነው።» ላፕቶፑን ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፋችው። «እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት። አንድ ስም ይጻፉ፤ የፈለጉትን። ከጎኑ የፈለጉትን ይስጡት። ከዚያ ያንኑ ስም ይድገሙት።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ከዚያ፣ ለነገሩ ሲል ሳይሆን ሽቦን ለመውጋት፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። ስሙን «ጥፋተኛ» አለው። ከጎኑ «መካኒኩ»።

«አሁን ስሙን ይድገሙ» አለች።

«ጥፋተኛ» ብሎ ደገመ። «ምን ልበለው?»

«ሥራ አስኪያጁ ይበሉት» አለ ሽቦ ከማዶ።

«ምን?»

«ለሙከራ ነው፣ ጌታዬ። ዝም ብለው ይጻፉት።»

ሥራ አስኪያጁ ለመሳቅ እንደ መሞከር አለና ጻፈው። ፕሮግራመሯ ክንዷን ዘርግታ ቁልፉን ተጫነች። ጽሑፉ ተፈታ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፦ ጥፋተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ።

«መካኒኩ የት ሄደ?» አለ ሽቦ። «አይጥ በላው?»

ማንም አልሳቀም። ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን ብዙ አየው፤ ካርዱንም አየ፤ ከዚያ ላፕቶፑን በአንድ ጣቱ ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

«መጀመሪያ የተጻፈው ‘መካኒኩ’ም ውሸት አልነበረም» አለ ሽቦ። አሁን ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል። «ድሮ እንዲህ ያለ ገመድ ሳይ ማብሪያውን አጥፍቼ፣ በሩ ላይ ሰንሰለት አድርጌ ነበር የምወጣው። ከስድስት ወር በፊት አንድ ሕንፃ ባለቤት ቢጮህብዎት፣ ያለ ቢሮ ትእዛዝ ሊፍት ያቆመ መካኒክ ይባረራል ያሉን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጽፌ ሄድኩ።»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«አንድ እግር ነው የተሰበረው፤ ጉዳዩም አንድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ገመድ ሳይ አቆማለሁ። ይህን ከፈለጉ ከላይ ይጻፉት፣ ከፈለጉ ከታች።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈረውም። ደጋግሞ አንገቱን አሸ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደጠላው በሚያውቅ ድምፅ ውሳኔውን ተናገረ። ካርዱ ለሽቦ ይመለሳል። ነገር ግን ከባድ አደጋ አይቶ ስልክ ባለመደወሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

«ለምን እንዳልደወልክ ትናገራለህ?» አለው።

ሽቦ የክፍሉን ጣሪያ አየ። «ስንፍና ይበሉት» አለ በመጨረሻ።

እሷ ደግሞ፣ ታብሌቷ ጉድለቶችን ሁሉ በአንድ ዝርዝር እንድታስቀምጥ፣ ፕሮግራሙም ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ዛሬውኑ ታስተካክላለች። ስም ሁለቴ የተጻፈበት ጽሑፍ ከመጣም ሳይፈታ ተመልሶ፣ ተረኛው እንዲጠራ ታደርጋለች። ከነገ ጀምሮ ግን ለሁለት ወር ከሲስተሙ ታግዳ መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ ትመዘግባለች።

ቅጣቱ ከብዶ ታይቶት ይሁን ወይም ሽቦ ጣልቃ ይገባል ብሎ ይሁን አይታወቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሽቦ ዞረ። «የእንጀራ ልጅህ ናት። በቅጣቱ ላይ የምትለው አለ?»

«የለኝም» አለ ሽቦ። «እኔ ብሆን ካርዴን ነበር የምትቀሙኝ። እሷ ሁለት ወር ብሎን ብትቆጥር አይበዛባትም።»

«አይበዛብኝም» አለች ፕሮግራመሯ። ወረቀቱን ስባ ፈረመች። የፈረመችበት እስክሪብቶ የሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ስትጨርስ ለእሱ መስጠት ሲገባት ሳታስበው ለሽቦ አቀበለችው። ሽቦ ተቀብሎ ማስጠንቀቂያው ላይ ፈረመና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ካርዱን አንስቶ ደረት ኪሱ ከተተ። የኪሱን ቁልፍ ዘጋ፤ ከፍቶ አየና እንደገና ዘጋው።

ኮሪደሩ ላይ እሷ ወደ ቢሮዋ፣ እሱ ወደ ደረጃው ሲለያዩ፣ ከኋላዋ ጫማው ቆመ።

«አንቺ» አላት።

ዞረች።

«እኔ ብሆን አልናገርልሽም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሽቦ የደረጃውን ብረት ይዞ ወረደ። እሷም ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሥራው ደግሞ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት።